የአዲስ ሞተር ዋጋ ድርድር፦ 8,199 ዶላር የተባለው እንዴት 11,279 ሆነ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የሞተር መንጃ ፈቃዴን በቅርቡ አውጥቻለሁ፤ አሁን አዲስ ሞተር ልገዛ ነው። አንድ ዲለር ጋ ያልተነዳ የ2024 ያማሃ ኤምቲ-07 አለ፤ ማስታወቂያው 8,199 ዶላር ይላል። ሄጄ ስጠይቅ ግን በወረቀት ያወጡልኝ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ 8,199፣ ማጓጓዣ 775፣ መገጣጠሚያ 795፣ የስርቆት መከላከያ ፓኬጅ 399፣ ዶክ ፊ 599፣ ታክስ 446.83፣ ታይትልና ሰሌዳ 65። ጠቅላላ 11,278.83። እቁብ ደርሶኝ 9,500 ዶላር በእጄ አለ። ጥሬውን ይዤ ብሄድ ይቀንሱልኛል? ወይስ የዲለር ዋጋ አይነካም? ሻጩ ‹በወር 187 ዶላር ብቻ ብትከፍል ይሻልሃል› እያለኝ ነው።»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ እንኳን እቁቡ ደረሰህ። በአጭሩ ልመልስልህና ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ዋጋው ይቀነሳል፤ ይህን ሞተር ታክሱንም ሰሌዳውንም ጨምረህ በ9,500 ዶላር ውስጥ መጨረስ የሚቻል ይመስለኛል። ጥሬ ገንዘብ መያዝህ ግን የሚያስቀንስልህ ነገር የለም። የሚያስቀንስልህ ሞተሩ የ2024 መሆኑ ነው፤ እሱም 8,199ኙን ትተህ የወረቀቱን ግርጌ ድምር ብቻ ይዘህ ከተከራከርክ ነው።

መርካቶ የለመድነው የተጠራውን ዋጋ በግማሽ ሰብሮ መጀመር ነው። እዚህ እንደዚያ ብትጀምር ሻጩ የምር ገዢ አይደለም ብሎ ይተውሃል፤ ምክንያትም አለው። 8,199 አምራቹ ራሱ ያወጣው የመሸጫ ዋጋ ነው፤ ኤምኤስአርፒ የሚሉት። ዲለሩ ከአምራቹ የሚረከብበት ዋጋ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በዚህ መጠን ባሉ ሞተሮች ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አስር በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ8,199 ውስጥ የዲለሩ ትርፍ 800 ዶላር አካባቢ ነው በል። አሁን ከሥሩ ያሉትን ሦስት መስመሮች ደምራቸው፦ መገጣጠሚያ 795፣ ፓኬጅ 399፣ ዶክ ፊ 599። 1,793 ዶላር! ከሞተሩ ትርፍ በእጥፍ ይበልጣል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው አንተን በር ለማስገባት ነው፤ ገንዘቡ የሚሠራው ከሥር በተደረደሩት ጥቃቅን መስመሮች ነው። ብዙ ሰው ከሞተሩ ላይ 300 ዶላር አስቀንሶ ደስ ብሎት ይፈርማል፣ ከሥር ግን 1,800 ከፍሎ ይወጣል።

መስመሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ማጓጓዣ እውነተኛ ወጪ ነው። አምራቹ ሞተሩን እስከ ዲለሩ ግቢ ያመጣበትን ያስከፍላል። አንዳንድ ዲለር ግን ከተጠየቀው ላይ ይጨምርበታል። አምራቾች ብዙ ጊዜ ድረ ገጻቸው ላይ ከሞተሩ ዋጋ ሥር በትንንሽ ፊደል የመዳረሻ ክፍያውን ይጽፋሉ፤ እዚያ ያለው ቁጥርና ወረቀትህ ላይ ያለው 775 ተቀራራቢ ከሆነ በዚህ መስመር ጊዜህን አታጥፋ።

መገጣጠሚያው ላይ ግን ቆም እንበል። ሞተሩ የሚመጣው በብረት ቋት ታስሮ፣ በካርቶን ተሸፍኖ ነው። እንደ ሞዴሉ የፊት ጎማ፣ መሪ፣ መስታወትና ባትሪ መገጠም ይኖርባቸዋል፤ ከዚያ ፈሳሾች ይታያሉ፣ የጎማ አየርና የሰንሰለት ልልነት ይስተካከላል፣ ዋና ዋና ብሎኖች በቶርክ መፍቻ (የጥብቀቱን ልክ በሚለካ መፍቻ) ይጠብቃሉ፣ ፍሬንና መብራት ይፈተሻል፣ መካኒኩ ትንሽ ነድቶ ያየዋል። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ይህን በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል። በሰዓት 130 ዶላር ብታስብለት እንኳ 400 ዶላር አይሞላም። ስለዚህ ከ795 ግማሹ ሥራ ነው፣ ግማሹ ትርፍ ነው። ሥራው ራሱ የሚናቅ አይደለም፤ በችኮላ የተገጠመ ሞተር ሰው ይጎዳል። «መገጣጠሚያውን አልከፍልም» ብለህ አትከራከር። ትርፉን ከጠቅላላው ድምር ላይ ትጠይቃለህ።

የስርቆት መከላከያ ፓኬጁ ወጥቶ የሚጣል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ አካል ላይ የሚለጠፍ መለያ ቁጥርና ከተሰረቀ ይህን ያህል እንከፍላለን የሚል ወረቀት ነው። ሻጩ «ሁሉም ሞተሮቻችን ላይ ተለጥፏል፣ ልናነሳው አንችልም» ይልሃል። መልሱ አጭር ነው፦ «ይለጠፍ፤ እኔ አልጠየቅኩትም፣ አልከፍልበትም።» 399ኙ ሳይወጣ ሌላ ወሬ አትቀጥል። ጥሩ የዲስክ መቆለፊያና ወፍራም ሰንሰለት በዚህ ገንዘብ ገዝተህ ይተርፍሃል፤ ስርቆትን የሚከለክለውም እሱ ነው።

ዶክ ፊ የወረቀት ሥራ ክፍያ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሕግ ጣሪያው 85 ዶላር ነው፤ ቨርጂኒያ ግን ጣሪያ ስለሌላት ዲለሩ 599 ቢጽፍም ማንም አይከለክለውም። «ከሁሉም ደንበኛ እኩል ስለምናስከፍል ለአንተ ብቻ ልንተወው አንችልም» የሚሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸው ነው። አትጨቃጨቅ፤ «እሺ ዶክ ፊው ይቆይ፣ በዚያው ልክ የሞተሩን ዋጋ አውርዱልኝ» በል። ወረቀታቸው እንደነበረ ይቆያል፣ አንተም የምትፈልገውን ታገኛለህ።

ታክሱ የስቴቱ ስለሆነ አይነካም። ቨርጂኒያ ከሽያጩ ዋጋ 4.15 በመቶ ትወስዳለች፤ የምታሰላውም ዶክ ፊውን ጨምራ ነው። ያንተን ወረቀት ብታየው ከታክስና ከሰሌዳ በፊት ያለው ድምር 10,767 ሲባዛ በ4.15 በመቶ ልክ 446.83 ይመጣል። ከላይ የምታስቀንሳት እያንዳንዷ መቶ ዶላር ታክስ ላይም አራት ዶላር ከአስራ አምስት ሳንቲም ታድንልሃለች። ታይትልና ሰሌዳው 65 ከሆነ እሱን ተወው።

አሁን ጉልበትህ የት እንዳለ ልንገርህ። ያማሃ ኤምቲ-07ን ለ2025 በደንብ ለውጦታል። የፊት ሾክ አብዞርበሩ ተገልብጦ የሚቆም አዲሱ ዓይነት ሆኗል፣ ነዳጅ መስጫው (ስሮትሉ) ኤሌክትሮኒክ ሆኗል፣ ባለ አምስት ኢንች የቀለም ስክሪን ገብቶለታል፤ ይህ ሁሉ ሆኖ የወጣበት ዋጋ 8,599 ነው። በ400 ዶላር ልዩነት አዲሱ አጠገቡ ቆሞ የ2024ቱን በሙሉ ዋጋ ማን ይገዛል? ዲለሩም ይህን ያውቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ዲለሩ ግቢው ውስጥ የደረደራቸውን ሞተሮች የገዛው በብድር ነው፤ ፍሎር ፕላን ይሉታል። መጀመሪያ ላይ ከወለድ ነፃ የሆነ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ያ ካለፈ በኋላ ግን በየወሩ ወለድ ይቆጥርበታል፣ ውሎ ሲያድር ዋናውንም ቀስ በቀስ እንዲከፍል ይገደዳል። አንድ ዓመት ያልተሸጠ ሞተር ለዲለሩ ቦታ የያዘ ዕዳ ነው። የሽያጭ ሠራተኛው አይነግርህም፣ ሥራ አስኪያጁ ግን እያንዳንዱ ሞተር ስንት ቀን እንደቆመ በዝርዝር ያውቃል። «ከመጣ ስንት ጊዜው ነው?» ብለህ ስትጠይቅ ሁለቱም ወዴት እንደምትሄድ ይገባቸዋል።

ወቅቱም ይረዳሃል ወይም ይጎዳሃል። በእኛ አካባቢ መጋቢት ገባ ብሎ አየሩ ሲሞቅ ሁሉም ሞተር ይፈልጋል፤ በሚያዝያና ግንቦት የሚቀንስ ዲለር ማግኘት ከባድ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ቤቱ ጭር ይላል። የወሩ የመጨረሻ ቀናትም ይጠቅማሉ፤ ሻጮች የወር ኮታቸውን ለመሙላት ሲሉ ሌላ ቀን የማይቀበሉትን ይቀበላሉ። ክረምቱን መጠበቅ ከቻልክ ጠብቅ፣ ካልቻልክ ግን አሁንም የ2024ቱ ጉዳይ ብቻውን ይበቃሃል።

አንድ ነገር ደግሞ ከመደራደርህ በፊት አጣራ። አምራቾች የቆየ ሞዴል እንዲሸጥላቸው ለገዢው በቀጥታ ቅናሽ የሚሰጡበት ጊዜ አለ፤ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮድህን አስገብተህ የቅናሾችን ገጽ ተመልከት። ቅናሽ ካለ ያ ገንዘብ የአምራቹ ነው፤ ዲለሩ «500 ቀነስኩልህ» ብሎ የአምራቹን ገንዘብ የራሱ አስመስሎ እንዳያቀርብልህ። የእሱ ቅናሽ በዚያ ላይ ተጨማሪ መሆን አለበት።

እንግዲህ ቁጥራችንን እንቁረጥ። የምንነጋገረው ታክስና ሰሌዳ ሳይገባ፣ ሌላው ሁሉ ተጠቃሎ ባለው ዋጋ ነው። የእነሱ 10,767 ነው። ተገቢ የምለው እንዲህ ይወጣል፦ ለቆየ ሞዴል 700 ተቀንሶ ሞተሩ 7,499፣ ማጓጓዣ 775፣ እውነተኛ የመገጣጠሚያ ዋጋ 400። ድምሩ 8,674 ነው (ዶክ ፊው ቢጻፍም በዚያው ልክ ከሞተሩ ዋጋ ይወርዳል)፤ 8,700 በለው። ታክሱ 361.05፣ ሰሌዳው 65 ሲጨመር 9,126.05 ይሆናል። ይህ ዒላማህ ነው። ጣሪያህ ደግሞ 9,000 ይሁን፤ ታክስና ሰሌዳው ሲገባ 9,438.50 ስለሚሆን ከእቁብህ አያልፍም። ከዚያ በላይ ከሆነ ትተህ ትሄዳለህ። መነሻህ 8,400 ቢሆን ሻጩን የማያስቀይም፣ ለመውጣትም ቦታ የሚሰጥህ ቁጥር ነው።

ይህን ድርድር ግን እዚያ ቆመህ አታድርገው። ሞተሩ ላይ ተቀምጠህ፣ ሻጩ ቡና አምጥቶልህ፣ «ሥራ አስኪያጁን ልጠይቅልህ» እያለ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰው ይደክመዋል፣ ሲደክመውም ይፈርማል። በጽሑፍ ጨርሰው። በመኪና ሁለት ሰዓት ርቀት ውስጥ ያሉ የያማሃ ዲለሮችን ፈልግ፤ ቨርጂኒያ ብቻ ሳይሆን ሜሪላንድ፣ ዌስት ቨርጂኒያና ፔንሲልቬኒያም ይጨመሩ። ይህንኑ ሞዴል ለያዙት አራት አምስት ዲለሮች ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ጻፍ። መልእክቱ አጭር ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ስትጽፈው ሐሳቡ እንዲህ ነው፦

«ሰላም። የስቶክ ቁጥሩ [ዲለሩ ለሞተሩ የሰጠውን ቁጥር እዚህ ጻፍ] የሆነውን የ2024 ኤምቲ-07 መግዛት እፈልጋለሁ። የማስመዘግበው ቨርጂኒያ ነው። ከታክስና ከሰሌዳ በስተቀር ማጓጓዣ፣ መገጣጠሚያ፣ ዶክ ፊና ማንኛውም ሌላ ክፍያ የተጠቃለለበትን ዋጋ በዝርዝር ላኩልኝ። ተጨማሪ ፓኬጅ አልፈልግም። ለሌሎች ዲለሮችም ጽፌያለሁ፤ የተሻለውን ከሰጠኝ ጋር በዚህ ሳምንት እጨርሳለሁ።»

«ታክስና ሰሌዳ ሳይገባ» ማለቴ በምክንያት ነው። ታክሱን የምትከፍለው ለምታስመዘግብበት ስቴት ስለሆነ የትም ብትገዛ ያው የቨርጂኒያ 4.15 ነው፤ እሱን አውጥተህ ስታወዳድር የዲለሮቹ እውነተኛ ልዩነት ይታይሃል። ከሌላ ስቴት የምትገዛ ከሆነ የራሳቸውን ስቴት ታክስ እንዳይጨምሩብህ አስቀድመህ ጠይቅ።

ከአምስቱ ሁለቱ «ዋጋ የምንናገረው ስትመጣ ነው» ይሉሃል። እነሱን ተዋቸው። አንዱ የማስታወቂያውን ዋጋ ብቻ መልሶ ይልክልሃል፤ «የሁሉም ድምር ስንት ነው?» ብለህ አንድ ጊዜ ድገምለት። የቀሩት ቁጥር ይልካሉ። ዝቅተኛውን ይዘህ ለቅርቡ ዲለርህ ጻፍ፦ «ከዚህ ቦታ 9,050 ተሰጥቶኛል፣ ጽሑፉ ይኸውልህ። አንተ ቅርቤ ስለሆንክ ካንተ ብገዛ ይሻለኛል፤ 8,700 ካደረግክልኝ ዛሬ መያዣ እከፍላለሁ።» የሌለ ዋጋ አትፍጠር፤ ወረቀቱን አሳየኝ ሲሉህ ድርድሩ እዚያው ያበቃል። «ዛሬ» የሚለው ቃልም የምርህ ይሁን። ሻጭን የሚያነቃንቀው ከቅናሹ በኋላ ገንዘቡ ወዲያው እንደሚገባ ማወቁ ነው።

8,900 ላይ ደርሰው እምቢ ካሉ ዋጋውን ትተህ ወደ ዕቃ ዙር። ሄልሜት፣ ጃኬት፣ ጓንትና ቦት ላይ የዲለሩ ትርፍ በመቶኛ ሲሰላ ከሞተሩ ይበልጣል፣ ስለዚህ ከሞተሩ ላይ 200 ዶላር ከመቀነስ ከዕቃው ላይ 20 በመቶ መቀነስ ይቀለዋል። አንተም ያስፈልግሃል፤ ቨርጂኒያ ያለ ሄልሜትና ያለ ዓይን መከላከያ መንዳት አትፈቅድም። ሌላው የምትጠይቀው የመጀመሪያውን ሰርቪስ ነው። 600 ማይል ላይ ዘይትና ፊልትሮ ተቀይሮ ሞተሩ በሙሉ ይፈተሻል፤ በነፃ እንዲሆን ከተስማሙ ሁለት ሦስት መቶ ዶላር ተቀነሰልህ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በቃል ብቻ ከሆነ እንዳልተባለ ቁጠረው። «ዊ ኦ» የሚባል ቅጽ አላቸው፣ የቀረ ዕዳችን እንደማለት ነው፤ እዚያ ላይ ተጽፎ ይፈረም።

ወደ ጥሬ ገንዘቡ ስንመጣ፣ አገር ቤት በእጅ ያለ ብር ዋጋ ይሰብራል፤ እዚህ አይሰብርም። ዲለሩ ባንክ ቢከፍልለትም አንተ ብትከፍለው ሙሉውን ገንዘብ ነው የሚያገኘው። እንዲያውም ብድር ቢያስገባህ ይመርጣል፤ ባንኩ 7 በመቶ የፈቀደልህን እሱ 9.9 አድርጎ ሊያቀርብልህና ከልዩነቱ ድርሻ ሊያገኝ ይችላል። በ10,000 ዶላር ብድር ለ60 ወር ብታሰላው፣ በ7 በመቶ በወር 198 ዶላር፣ በ9.9 ደግሞ 212 ዶላር ነው፤ ልዩነቱ እስኪያልቅ 838 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ዋጋው እስኪቆረጥ በምን እንደምትከፍል አትናገር። ቢጠይቁህ «ሁለቱንም እያየሁ ነው፣ መጀመሪያ ዋጋውን እንጨርስ» በላቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። አንድ ነጋዴ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲቀበል ፎርም 8300 የሚባለውን ሞልቶ ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ያሳውቃል። ይህ ክስ አይደለም፣ የእቁብ ገንዘብም ምንም ችግር የለበትም። ችግር የሚሆነው ፎርሙን ለመሸሽ ብለህ ገንዘቡን ቆራርሰህ ስትከፍል ወይም ባንክ ስታስገባ ነው፤ መቆራረሱ ራሱ ወንጀል ነው። ያንተን 9,500 በአንድ ጊዜ ባንክህ አስገባና ባንኩ ራሱ ክፍያውን የሚያረጋግጥበትን ካሺየርስ ቼክ አሠርተህ ሂድ። ማስረጃም ይኖርሃል፣ በኪስህ ጥሬ ብር ይዘህ ከመዞርም ይገላግልሃል።

«በወር 187» የሚለውን ደግሞ ተጠንቀቅለት። ሻጩ ስለ ጠቅላላው ዋጋ እንዳታስብ ነው ወሩን የሚነግርህ። 11,278.83ን በ9.9 በመቶ ወለድ ለ84 ወር ብትወስደው በወር 187 ገደማ ይመጣል፤ ሰባት ዓመት ከፍለህ ስትጨርስ የከፈልከው 15,680 ዶላር አካባቢ ነው። የ8,199 ሞተር! ብድር የግድ ካስፈለገህ ከዲለሩ በፊት ክሬዲት ዩኒየን (አባላቱ ባለቤት የሆኑበት የቁጠባና ብድር ተቋም) ሄደህ የወለድ መጠኑን አስጽፍ፤ ዲለሩ ከዚያ ዝቅ ካደረገልህ የእሱን ትወስዳለህ፣ ካልሆነ የራስህ በእጅህ አለ። የብድር ውሉ ላይ ዓመታዊው የወለድ መጠን፣ ጠቅላላ የወለድ ክፍያውና የሁሉም ክፍያ ድምር በሳጥን ውስጥ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ሌላውን ሳታይ መጀመሪያ እነዚያን ሳጥኖች አንብብ። ብድሩ ሳይጸድቅ «ውሰደው፣ በኋላ እንጨርሳለን» ካሉህ አትውሰድ። ከሳምንት በኋላ ደውለው «ባንኩ እምቢ አለ፣ በከፍተኛ ወለድ እንደገና ፈርም» የሚሉህ ያኔ ነው።

ዋጋው ተቆርጦ ስትሄድ ወደ ፋይናንስ ቢሮው ያስገቡሃል። በጥሬ ብትከፍልም ትገባለህ። እዚያ የተራዘመ ዋስትና፣ የጎማና የቸርኬ ኢንሹራንስ፣ ቅድሚያ የተከፈለ ሰርቪስና ሌላም ይቀርብልሃል። ብዙዎቹ ከሞተሩ የበለጠ ትርፍ አላቸው። የተራዘመውን ዋስትና በሙሉ ልብ ብትፈልገው እንኳ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ዋስትና ሳያልቅ ቆይተህ፣ ዋጋ አወዳድረህ መግዛት ስለምትችል ዛሬ የሚያስቸኩልህ የለም። ጋፕ የሚባለው ደግሞ ሞተሩ ቢጠፋ ኢንሹራንሱ ከሚከፍለው በላይ የቀረውን ብድር የሚሸፍን ስለሆነ ትንሽ ቅድሚያ ከፍሎ ብዙ ለተበደረ ሰው ነው፤ ሙሉውን ለምትከፍል ለአንተ ምንም አይሠራልህም። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ማለት ይበቃል፤ ምክንያት ከሰጠህ ምክንያትህን ለማፍረስ የሠለጠኑ ናቸው።

ከመክፈልህ በፊት ሞተሩን ቀን በብርሃን እየው። የቆመ ሞተር ስለሆነ ከአዲስ ይልቅ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 2823 ከሆነ በ2023 በ28ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ባትሪውን በመለኪያ አስለካ፤ ቆሞ ካደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ እንጠብቃለን፣ ከ12.4 በታች ከሆነ ሞልቶ ሳይሆን ተዳክሞ የቆየ ስለሆነ አዲስ እንዲያስገቡልህ ጠይቅ። የጎማ አየር ፊት 33፣ ኋላ 36 ፒኤስአይ ነው መሆን ያለበት። ሞተሩን አስነሳውና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙረው። የ2024ቱ ስሮትል በኬብል ነው የሚሠራው፤ መሪው ሲዞር የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ ኬብሉ ሲገጠም በተሳሳተ ቦታ አልፏል ማለት ነውና አትነዳውም፣ ወደ መካኒኩ ይመለስ። የፊት ጎማው አክስልና የፍሬን ካሊፐሩ ብሎኖች በቶርክ መጠበቃቸውን የሚያሳየውን የመገጣጠሚያ ቼክሊስት ጠይቅ፤ 400 ዶላር የከፈልክበት ሥራ ነውና የመካኒኩ ፊርማ ያለበትን ማየት መብትህ ነው።

ቪኑን፣ ማለትም የሞተሩን ልዩ መለያ ቁጥር፣ ደግሞ ሁለት ቦታ አጣራው። አንደኛ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት የኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ ያልተሠራ ሪኮል (ለጉድለት ማስተካከያ የተጠራ ጥሪ) እንዳለበት ተመልከት፤ ያልተስተካከለ የደህንነት ሪኮል ያለበትን አዲስ ሞተር ዲለር ማስረከብ አይፈቀድለትም። ሁለተኛ ያማሃ ደንበኞች አገልግሎት ደውለህ የዋስትናው ቀን ተጀምሮ እንደሆነ ጠይቅ። ያማሃ ለዚህ ሞተር የሚሰጠው የአንድ ዓመት ዋስትና የሚቆጠረው ከተሸጠበት ቀን ነው። አንዳንድ ዲለር የአምራቹን ጉርሻ ለማግኘት ያልተሸጠውን ሞተር እንደተሸጠ አድርጎ ያስመዘግባል፣ ያኔ ዋስትናው ማንም ሳይነዳው እያለቀ ነው። እንዲህ ከሆነ ሞተሩ አዲስ ተብሎ ሊሸጥልህ የሚገባው አይመስለኝም፤ ወይ ዋጋው ሌላ አምስት ስድስት መቶ ይውረድ፣ ወይ ሌላ ፈልግ።

ኢንሹራንሱን ከድርድሩ በፊት በቪኑ አስጠይቅ። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ቀርቷል፤ ለወጣትና ለጀማሪ የ689 ሲሲ ሞተር ዋጋ ደግሞ ሊያስደነግጥ ይችላል። ሙሉውን በራስህ ገንዘብ ስለምትገዛ ሙሉ ሽፋን የሚያስገድድህ ባንክ የለም፤ እኔ ግን ስርቆትን የሚሸፍነው ክፍል እንዲኖርህ እመክራለሁ። ካውንቲው ወይም ከተማው በየዓመቱ የሚያስከፍለውን የንብረት ታክስም አትርሳ፣ ሞተርም እንደ መኪና ይከፈልበታል።

ፊርማ ላይ ስትደርስ ባየርስ ኦርደር የሚባለውን የግዢ ውል በጽሑፍ ከተስማማችሁበት መልእክት ጋር መስመር በመስመር አመሳክር። ያልነበረ 79 ወይም 149 ዶላር ሌላ ስም ይዞ የሚገባው እዚህ ነው። ብዙ ወገኖቻችን «ካልፈለግኩት በሦስት ቀን እመልሰዋለሁ» ብለው ይፈርማሉ፤ የሦስት ቀኑ የፌዴራል ደንብ በሻጩ ቋሚ ቦታ ለተደረገ ግዢ አይሠራም። ከፈረምክ ያንተ ነው። መያዣ የምትከፍል ከሆነም የሚመለስ መሆኑ፣ የሞተሩ ቪንና የተስማማችሁበት ጠቅላላ ዋጋ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ቁጥሩ ላይ ካልተስማማችሁ ስልክ ቁጥርህን ሰጥተህ ውጣ፤ የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይደውላሉ፣ ሲደውሉም 9,000 የሚለው ጣሪያህ አይለወጥ።